ኮምፒዩተር አልነሣ ባለ ጊዜ ምክንያቱን በተራ ስለ መፈለግ

ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ተማሮች የተዘጋጀ ትምህርት

መቅድም

ኮምፒዩተር ከከተማ አልፎ በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ገብቶአል። የተማሮች ስምና ማርክ፥ የመምህራን ዝርዝር፥ የፈተናም ወረቀት በዚሁ መኪና ተጽፎ በሚቀመጥበት ቦታ፥ አንድ ቀን ጧት ቍልፉ ተነክቶ መኪናው አልነሣ ያለ እንደ ሆነ፥ የሚያሠጋው የመኪናው ዋጋ ብቻ አይደለም። የብዙ ልጆች የብዙ ዓመት ድካም የተመዘገበበት መዝገብ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስምንተኛን ክፍል ጨርሶ ወደ ሌላ አገር የሄደ ልጅ ማስረጃ ፈልጎ ሲመለስ መዝገቡ ካልተገኘ፥ የደከመበትን ትምህርት ማን ይመሰክርለታል?

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዳንዱ «ሞቶአል» ብሎ መኪናውን በማዕዘን ያስቀምጠዋል፤ አቧራም ይውጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ ምክንያቱን ሳይመረምር ወደ ጠጋኝ ወስዶ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፎርማት ማድረግ ማለት ዲስኩን እንደ አዲስ ለጽሕፈት ማዘጋጀት ነውና፥ ቀድሞ የተጻፈበት አብሮ ይሄዳል። የፊተኛው ደኅናውን መኪና ጣለ፤ የኋለኛው መኪናውን አድኖ መዝገቡን አጠፋ።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ውስጥ ሁለት ነገር ይገለጻል። 1ኛ፤ ኮምፒዩተር የሚነሣው በደረጃ ስለ ሆነ፥ የቆመበትን ደረጃ ያወቀ ሰው የችግሩን ሥፍራ ያውቃል። 2ኛ፤ የመኪናው አለመነሣትና የጽሑፉ መጥፋት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸውና፥ መኪናውን ከመጠገን አስቀድሞ ጽሑፉን ማዳን ይገባል።

ምዕራፍ 1፤ ኮምፒዩተር በምን በምን ደረጃ እንደሚነሣ

የፊደል ተማሪ ከሀ ሁ ተነሥቶ፥ አቡጊዳን ተሻግሮ፥ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን ዘልቆ ወደ ዳዊት ይደርሳል። ዳዊት ማንበብ የተሳነውን ልጅ ዐዋቂ መምህር «አይችልም» ብሎ አይተወውም፤ ወደ ኋላ እየመለሰ ከየትኛው ደረጃ እንደ ደከመ ይፈትነዋል። ፊደሉን ለይቶ እንደ ሆነ አቡጊዳውን፥ አቡጊዳውን ለይቶ እንደ ሆነ ንባቡን ይመለከታል። የኮምፒዩተርም ምርመራ ይህንኑ ይመስላል። ደረጃዎቹም አምስት ናቸው።

1ኛ ደረጃ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በኢትዮጵያ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፥ በአንድ ሴኮንድ 50 ዙር ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። የኮምፒዩተር ዕቃዎች ግን ይህን ያህል ኃይል አይችሉም። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ የሚባለው የብረት ሣጥን ተቀብሎ፥ የማይመላለስ 12፥ 5 እና 3.3 ቮልት አድርጎ ለየክፍሉ ያድላል።

2ኛ ደረጃ፤ የፕሮሰሰር መንቃት ነው። ፕሮሰሰር የኮምፒዩተር የማሰቢያ ክፍል ነው። ኃይል ባገኘ ጊዜ በማዘርቦርድ ላይ በተተከለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ትእዛዝ ያነባል። ይህ ጽሑፍ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አይጠፋም። ስሙም በቀድሞዎቹ መኪናዎች ባዮስ፥ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ነው። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1981 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ለገበያ ያወጣው የግል ኮምፒዩተር በባዮስ የሚነሣ ነበር፤ የዩኢኤፍአይን ደንብ የሚያወጣው ማኅበር ደግሞ በ2005 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ተመሠረተ።

3ኛ ደረጃ፤ ራስን መፈተን ነው። ባዮሱ ራም የሚባለውን የጊዜ ማስታወሻ፥ ኪቦርዱን፥ የስክሪኑንም ክፍል እየዞረ ይጠይቃል። ሁሉም ከመለሱለት የሠሪው ኩባንያ ምልክት በስክሪኑ ላይ ይታያል።

4ኛ ደረጃ፤ ዲስኩን መፈለግ ነው። ባዮሱ በተሰጠው ተራ መሠረት ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ ይፈልጋል፤ ባገኘም ጊዜ በዲስኩ ላይ ያለውን አስነሺ ፕሮግራም ጠርቶ ሥራውን ያስረክበዋል።

5ኛ ደረጃ፤ የዋናው ሥርዓት መጫን ነው። ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ የተባለው ፕሮግራም ከዲስክ ወደ ራም ተጭኖ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ መኪናው ተነሣ ይባላል።

ይህ ሁሉ ድካም በየጧቱ ስለ ምን ያስፈልጋል ቢሉ፥ ራም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ስለሚረሳ ነው። በእንግሊዝ ቋንቋ ይህን መነሣት «ቡት» ይሉታል። ስሙም የቦት ጫማን ማንጠልጠያ ይዞ ራስን ከመሬት ማንሣት ከሚል አነጋገር የመጣ ነው፤ ምሥጢሩም ትንሹ ጽሑፍ ትልቁን፥ ትልቁም ከእርሱ የሚበልጠውን ያስነሣል ማለት ነው።

ምዕራፍ 2፤ የቆመበትን ደረጃ በምልክቱ ስለ ማወቅ

መርማሪው እጁን ከመስደዱ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን ያሠራል። ቍልፉን አንድ ጊዜ ተጭኖ አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ይመለከታል፤ ያየውንና የሰማውንም በደብተር ይጽፋል።

መብራት ከሌለ፥ የማራገቢያውም ድምፅ ካልተሰማ፥ ችግሩ ከ1ኛው ደረጃ ነው። መብራቱ በርቶ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር እንደ ሆነ ከቀረ፥ ወይም ከሣጥኑ ውስጥ «ጢጥ ጢጥ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፥ ችግሩ ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ደረጃ ነው፤ አለዚያም ከሞኒተሩ ነው። የሠሪው ምልክት ታይቶ ቀጥሎ የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከወጣ ከ4ኛው ነው። የዊንዶውስ ምልክት ታይቶ በክብ የተደረደሩት ነጥቦች ያለ ማቋረጥ ቢዞሩ፥ ወይም ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቢቆም፥ አብዛኛውን ጊዜ ከ5ኛው ነው።

ይህን መለየት ብዙ ከንቱ ድካም ያድናል። የዊንዶውስ ምልክት እየታየ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት የሚቸኵል ሰው አለ። ነገር ግን ምልክቱ የታየው ኃይሉ ስለ ደረሰ፥ ፕሮሰሰሩ ስለ ነቃ፥ ስክሪኑ ስለ ሠራ፥ ዲስኩም ስለ ተገኘ ነው። ላይኛው ደረጃ ላይ የደረሰ መኪና ታችኛውን አልፎአልና፥ መጀመሪያ የሚፈለገው በቆመበት ቦታ ነው።

ደግሞ መኪናውን ትናንት የሠራበትን ሰው መጠየቅ ይገባል። መብራት ሳይታሰብ ጠፍቶ ነበርን? ዕቃው ከክፍል ወደ ክፍል ተዛውሮአልን? አዲስ ፕሮግራም ተጭኖበታልን? መብረቅ ነበረን? ጠያቂው ግን በቍጣ አይጠይቅ፤ የፈራ ልጅ ያደረገውን ይሸሽጋልና፥ ምርመራው ይሳሳታል።

ምዕራፍ 3፤ ሣጥኑን ከመክፈት በፊት ስለሚደረግ ጥንቃቄ

በልማድ «ሲፒዩ» የሚባለውን ትልቁን ሣጥን ለመክፈት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መኪናውን ያጥፋ፤ የኤሌክትሪኩንም ገመድ ከሶኬቱ ይንቀል። ቍልፉን ብቻ ማጥፋት አይበቃም። ከነቀለም በኋላ የመነሻውን ቍልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ ይያዝ፤ በዕቃዎቹ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣልና። ከዚህ ቀጥሎ በእጁ የሣጥኑን ባዶ ብረት ይንካ። ይህም በሰው ገላና ልብስ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቺፑን እንዳያቃጥል ነው።

ፓወር ሰፕላይን ግን ማንም ተማሪ፥ መምህርም ቢሆን፥ በካቻቢቴ ፈትቶ አይክፈት። በውስጡ ያሉት ዕቃዎች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰውን ሊገድል የሚችል ኃይል ይዘው ይቈያሉ። የተበላሸ እንደ ሆነ እንዳለ በሌላ ይለወጣል።

ልጆች ሣጥን በሚከፈትበት ጊዜ አጠገብ ቆመው ይመልከቱ፤ እጃቸውን የሚያስገቡት ግን መምህሩ ባለበትና ገመዱ መነቀሉን በዓይናቸው ባዩ ጊዜ ብቻ ነው። እርጥብ እጅ፥ እርጥብም ወለል አይገባም።

ምዕራፍ 4፤ በየደረጃው የሚደረግ ምርመራ

ምርመራ ሁልጊዜ ከቀላሉና ገንዘብ ከማይጠይቀው ይጀመራል። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ስለ ምን ቢሉ፥ ገመዱንም ራሙንም ባትሪውንም አንድ ላይ ለውጦ መኪናው ቢነሣ፥ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ባይነሣም አዲስ ስሕተት ተጨምሮ እንደ ሆነ አይለይም።

ስለ 1ኛው ደረጃ። የሞባይል ቻርጀር ወይም የጠረጴዛ መብራት አምጥቶ በዚያው ሶኬት መሰካት ነው። ካልሠራ በደሉ የሶኬቱ ነው። ከሠራ ዲቫይደሩን አልፎ ገመዱን በቀጥታ ከግድግዳው መሰካት ነው። ይህም ካልሆነ ከደኅናው ኮምፒዩተር ገመድ ተውሶ መሞከር ይገባል። በብዙ ሣጥኖች ጀርባ ከገመዱ መግቢያ አጠገብ 1ና 0 የተጻፈበት ቍልፍ አለ፤ ሲጠርጉ ተነክቶ ወደ 0 ዞሮ ይገኛልና መመልከት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ላይ ደግሞ 115ና 230 የተጻፈበት ቀይ ቍልፍ አለ። ይህ በኢትዮጵያ ሁልጊዜ በ230 ላይ መሆን አለበት፤ ወደ 115 ዞሮ በ220 ቮልት ቢሰካ ዕቃው ይቃጠላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ መብራት ካልታየ ደኅናነቱ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር የዐዋቂ ጠጋኝ ሥራ ነው።

ኮምፒዩተሩ ላፕቶፕ እንደ ሆነ ቻርጀሩን መንቀል፥ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፥ ቍልፉን 30 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፥ ከዚያም ያለ ባትሪ በቻርጀሩ ብቻ ማስነሣት ነው። ተነሥቶ እንደ ሆነ ችግሩ ከባትሪው ነበረ።

ስለ 2ኛውና ስለ 3ኛው ደረጃ። በመጀመሪያ የሞኒተሩ የራሱ መብራት መብራቱን፥ ከሣጥኑ ጋር የሚያገናኘውም ገመድ በሁለቱ ጫፍ መጥበቁን መመልከት ነው። ከዚያ ከኪቦርድና ከሞኒተር በቀር ፕሪንተሩም ፍላሹም ሌላውም ሁሉ ይነቀል። አንዱ የተበላሸ ትርፍ ዕቃ መላውን መኪና ሊያስቆም ይችላልና።

«ጢጥ ጢጥ» የሚለው ድምፅ ትርጕም አለው። ቍጥሩንና ርዝመቱን ቈጥሮ መጻፍ ይገባል፤ ለምሳሌ አንድ ረጅም ሁለት አጭር። ትርጕሙ ግን እንደ ሠሪው ኩባንያ ይለያያልና ከመኪናው መምሪያ ጋር ማመሳከር እንጂ በግምት መፍረድ አይገባም። ድምፅ ማሰሚያ የሌላቸውም ሞልተዋል፤ እነዚህ በመብራት ብልጭታ ይናገራሉ።

አቧራ በበዛበት አገር ራም ከመቀመጫው ጋር ያለው ግንኙነት ሊበላሽ ይችላል። በምዕራፍ 3 የተነገረው ጥንቃቄ ሁሉ ከተደረገ በኋላ፥ የራሙን ሁለት መቈለፊያ ወደ ውጭ ገፍቶ ራሙን ማውጣት፥ ወርቅ የሚመስለውን ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ ማሸት፥ ፍርፋሪውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። ሲመለስም በራሙ ላይ ያለው ቍርጥ ከመቀመጫው ጕብታ ጋር ገጥሞ፥ መቈለፊያው «ቀጭ» እስኪል ይጫናል። ራሞቹ ሁለት ከሆኑ እየተፈራረቁ አንድ አንዱ ብቻውን ይሞከራል። በአንደኛው ተነሥቶ በሌላው ካልተነሣ የታመመው ታወቀ ማለት ነው።

በማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምትመስል ክብ ባትሪ አለች። አብዛኛውን ጊዜ ቍጥሯ ሲአር 2032 ነው፤ ይህም ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፥ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ ኃይሏም 3 ቮልት ነው። መኪናው ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱንና ቀኑን የምትጠብቅ እርስዋ ናት። ባለቀች ጊዜ ቀኑ ወደ ብዙ ዓመት ኋላ ይመለሳል፤ በአንዳንዱም መኪና ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ የተሰጠው ተራ ይረሳል። በየጧቱ ቀን የሚሳሳት መኪና ባትሪው ይለወጥለት፤ ዋጋዋም ቀላል ነው።

ስለ 4ኛው ደረጃ። የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ሲወጣ፥ መጀመሪያ በመኪናው ላይ ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ እንዳለ መመልከት ነው። መኪናው ከፍላሹ ለመነሣት ሲሞክር በውስጡ የሚያስነሣ ነገር ያጣልና፥ ፍላሹ ሲነቀል ብዙ ጊዜ ወዲያው ይነሣል። ያ ካልሆነ፥ መኪናው ገና ሲበራ ኤፍ 2 ወይም ዴሊት የተባለውን ቍልፍ ደጋግሞ በመንካት ወደ ባዮሱ ገጽ መግባት ነው፤ ቍልፉ እንደ ሠሪው ይለያያል። በዚያ ገጽ የዲስኩ ስም ከታየ ዲስኩ ተገናኝቶአልና፥ የመነሻውን ተራ ማስተካከል ይገባል። ስሙ ካልታየ መኪናውን አጥፍቶ፥ ገመዱን ነቅሎ፥ የዲስኩን ሁለት ገመዶች አውጥቶ በደኅና መልሶ መሰካት ነው።

ነገር ግን ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ዘንድ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ፥ መኪናውን ወዲያው ማጥፋት ይገባል። የዲስኩ ንባብ ክፍል ታሞአልና፥ ደግሞ ደጋግሞ ማስነሣት ጽሑፉን የበለጠ ይጐዳዋል። በዚያ ዲስክ ላይ ሌላ ቅጂ የሌለው መዝገብ ካለ፥ ከዚህ በኋላ ሥራው ጽሑፍ የማዳን ዕውቀት ላለው ሰው ይተዋል።

ስለ 5ኛው ደረጃ። ዊንዶውስ 10ና ዊንዶውስ 11 በተከታታይ ሁለት ጊዜ መነሣት ካቃታቸው፥ የጥገናውን ገጽ ራሳቸው ያወጣሉ። በዚያ ትራብልሹት፥ ቀጥሎም አድቫንስድ ኦፕሽንስ የሚለውን መምረጥ ነው። ስታርትአፕ ሪፔር የሚለው አነሣሡን ራሱ እንዲጠግን ያዛል። ካልጠገነ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፥ ከዚያም ሪስታርት ተብሎ፥ ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቍጥር ይነካል። ይህ ሴፍ ሞድ ይባላል፤ ትርጕሙም ዊንዶውስ ትርፉን ሁሉ ትቶ እጅግ አስፈላጊ በሆኑት ፕሮግራሞች ብቻ ይነሣል ማለት ነው። በሴፍ ሞድ ከተነሣ፥ በደሉ ከቀሩት ትርፍ ፕሮግራሞች በአንዱ ነውና፥ በመጨረሻ የተጫነውን ማውጣት ይገባል።

ምዕራፍ 5፤ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ላይ የሆነው

የ5ኛውን ደረጃ ነገር በግልጥ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ ይኸውም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ጁላይ 19 ቀን 2024፥ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኮምፒዩተሮችን ከክፉ ፕሮግራም ለሚጠብቀው መሣሪያው አንድ ማደሻ ፋይል በኢንተርኔት ላከ። ፋይሉ ስሕተት ነበረበት። የተቀበሉት የዊንዶውስ መኪናዎች ስክሪናቸው ሰማያዊ እየሆነ ወደቁ፤ እንደ ገና ሲነሡም ያንኑ ፋይል እያነበቡ መልሰው ወደቁ። የማይክሮሶፍት ኩባንያ የተጐዱትን መኪናዎች 8.5 ሚሊዮን ያህል ብሎ ገምቶአል። በብዙ አገሮች የአውሮፕላን በረራ ተቋረጠ፤ የባንክና የሆስፒታል ሥራም ታወከ።

ኩባንያው ስሕተቱን ዐውቆ ፋይሉን የመለሰው በ78 ደቂቃ ውስጥ ነበረ። ታዲያ ችግሩ ለብዙ ቀን የቈየው ስለ ምንድን ነው ቢሉ፥ የወደቀው መኪና ስላልተነሣ የተስተካከለውን ፋይል በኢንተርኔት ሊቀበል ስላልቻለ ነው። ስለዚህ ሠራተኞች ወደ የመኪናው በእግር እየሄዱ፥ በሴፍ ሞድ እያስነሡ፥ ስሙ በሲ ፊደልና በ00000291 ቍጥር የሚጀምረውን ፋይል በእጃቸው አጠፉ። ያን ጊዜ መኪናዎቹ ደኅና ሆነው ተነሡ።

እንግዲህ በዚያ ቀን ስክሪኑ ሰማያዊ ሲሆን ያየ ሰው ራም ቢገዛ፥ ፓወር ሰፕላይም ቢለውጥ፥ ገንዘቡን በከንቱ ባወጣ ነበር። ዲስኩንም ፎርማት ቢያደርግ መኪናው ይነሣለት ነበር፤ ነገር ግን ስለ አንድ ትንሽ ፋይል ብሎ በዲስኩ ላይ የነበረውን ሁሉ ባጣ ነበር።

ምዕራፍ 6፤ ከጥገና በፊት ጽሑፉን ስለ ማዳን

ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል፥ ራም ቢታመም፥ ዊንዶውስም ቢበላሽ፥ በዲስኩ ላይ የተጻፈው መዝገብ ብዙ ጊዜ እንዳለ ነው። ቤቱ በሩ ስለ ተቈለፈ በውስጡ ያለው እህል ጠፋ አይባልም። ስለዚህ «ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ነገር በሌላ ቦታ አለን? መልሱ የለም ከሆነ አስቀድሞ ይገለበጥ።

የመገልበጡም መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ዲስኩን አውጥቶ በመገናኛ ገመድ ከሌላ ደኅና ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስ በፍላሽ አዘጋጅቶ፥ መኪናውን ከፍላሹ አስነሥቶ፥ የዲስኩን ጽሑፍ ወደ ሌላ ፍላሽ መገልበጥ ነው። በዚህ ጊዜ ትራይ የሚለው ይመረጣል፤ ትርጕሙ መሞከር ነው። ኢንስቶል የሚለው ግን በዲስኩ ላይ መጫን ስለ ሆነ ያለውን ሊደመስስ ይችላልና አይነካ። ፍላሹም ለኡቡንቱ ሲዘጋጅ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና ባዶ ፍላሽ ይመረጥ።

ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው ዘዴ በምሥጢር የተቈለፈ እንደ ሆነ፥ ያለ መክፈቻው ቍጥር አይነበብም። ቍጥሩም 48 አኃዝ ነው። መኪናው ደኅና ሳለ ይህን ቍጥር በወረቀት ጽፎ በርእሰ መምህሩ ሣጥን ማስቀመጥ ይገባል። መኪናው ከወደቀ በኋላ ቍጥሩን በዚያው መኪና ውስጥ መፈለግ፥ ቍልፉን በቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

ጽሑፉ ከዳነ በኋላ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ማዘጋጀት ቢያስፈልግ፥ ሪሴት በሚለው ገጽ ሁለት ምርጫ ይቀርባል፤ አንደኛው የግል ፋይሎችን ያስቀራል፥ ሁለተኛው ሁሉን ያጠፋል። ጠጋኝ ዘንድ የሚወስድ ሰው የትኛውን እንዲያደርግ በቃል ብቻ ሳይሆን በወረቀት ጽፎ ይስጥ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመውደቅ በፊት መጠበቅ ነው። የማርኩ መዝገብ በየወሩ በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ፥ ሁለተኛው በሌላ ቤት ይቀመጥ። በየመንፈቁም መጨረሻ በወረቀት ታትሞ፥ ተፈርሞበትና ማኅተም ተደርጎበት በመዝገብ ክፍል ይቀመጥ፤ ወረቀት ኤሌክትሪክ አይሻምና። ሥራ ሲያበቃ መኪናው በሥርዓቱ ይጥፋ፤ ገመዱን መንቀል ብቻውን ማጥፋት አይባልም። በማታ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ጧት ሲበራ ግን ጨርቁ ይነሣ፤ ሙቀቱ እንዳይታፈን። ነጐድጓድ ሲሰማ ገመዱ ከግድግዳው ይነቀል።

ጥያቄና መልስ

ጥያቄ። ቍልፉ ሲነካ መብራትም ድምፅም ከሌለ ምርመራው ከምን ይጀመራል?
መልስ። ከሶኬቱ። ቻርጀር ወይም መብራት በዚያው ተሰክቶ ይፈተናል፤ ቀጥሎ ዲቫይደሩ፥ ቀጥሎ ገመዱ፥ ቀጥሎ በጀርባው ያለው ቍልፍ ይታያል።

ጥያቄ። የሠሪው ምልክት ከታየ በኋላ ዲስክ አልተገኘም ቢል ራሙን ማውጣት ይገባልን?
መልስ። አይገባም። መኪናው ራሱን መፈተኑን አልፎ 4ኛው ደረጃ ላይ ደርሶአልና፥ አስቀድሞ የተረሳ ፍላሽ ይፈለግ፤ ቀጥሎ የመነሻው ተራና የዲስኩ ገመድ ይታይ።

ጥያቄ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር መለወጥ ስለ ምን ይከለከላል?
መልስ። የዳነበት ምክንያት እንዳይሰወር፥ አዲስም ስሕተት ተጨምሮ እንዳይደባለቅ ነው።

ጥያቄ። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» ሲል ደጋግሞ ማስነሣት ምን ያመጣል?
መልስ። በዲስኩ ላይ የቀረውን ጽሑፍ ያጠፋል። ወዲያው ማጥፋትና ለዐዋቂ መስጠት ይገባል።

ጥያቄ። ፎርማት ከማድረግ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ምንድን ነው?
መልስ። በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ነገር በሌላ ቦታ አለን?

የክፍል ሥራ። ተማሮች በአራት በአራት ሆነው አንድ ደብተር ይክፈቱ፤ ገጹንም በአራት ዓምድ ይክፈሉ። በ1ኛው ዓምድ ቀኑ፥ በ2ኛው የታየው ምልክት፥ በ3ኛው የተደረገው አንድ ለውጥ፥ በ4ኛው የተገኘው ውጤት ይጻፍ። መምህሩ ተማሮች ሳያዩ የሞኒተሩን ገመድ ያላላ፥ ወይም ባዶ ፍላሽ ይሰካ፥ ወይም የዲቫይደሩን ቍልፍ ያጥፋ፤ ተማሮቹም መኪናው ከየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ቆመ በደብተራቸው ሳይጽፉ እጃቸውን አያንሡ። ደብተሩ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ ይቀመጥ፤ መኪናው በእውነት በታመመ ቀን የሚመጣው ጠጋኝ መጀመሪያ የሚያነበው እርሱን ነውና።